የነሐሱ ቅጠል ጀርባ

በዚያች ከተማ ወሬ የማይሆንላቸው ሁለት ሰዎች ቢፈለጉ፣ አንዱ ብረት ለባጩ ሽማግሌ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የጠጣር ነገሮችን ገጽ የምታጠና አንዲት ዓይነ አፋር ተማሪ ይሆኑ ነበር። ሁለቱን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ አሯሩጦ ከተዘጋ የጫማ መደብር ታዛ ሥር አገናኛቸው። ጎን ለጎን ቆሙ። እሳቸው ዝም፣ እሷም ዝም።

ሽማግሌውን በሥራቸው የሚያውቋቸው “ለባጩ” ይሏቸዋል። ሰፈሩ ግን “አባ ዝምታ” ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉታል። ሥራቸው በነሐስና በብረት ላይ ኒኬል ማልበስ ነው። የዚያን ዕለት በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው የያዙት ከገዛ እጃቸው ወጥቶ ያሳፈራቸውን ነገር ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ውሃው ከታዛው ጠርዝ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ ከመጋረጃው ወዲያ መንገዱም መኪናውም ሰውም በሕልም የሚታይ ይመስላል። ለባጩ ይህን እያዩ ፈዘው ሳለ ጥቅሉ ሾልኮ ወደቀ። ከውስጡ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ተንከባሎ ወጣና ከተማሪዋ እግር ሥር ቆመ።

ቅጠል ነበር። ከስስ ነሐስ የተቆረጠ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ በኒኬል የተለበጠ ቅጠል። ግን እንደ ተጨበጠ እጅ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል።

ተማሪዋ አነሳችው። ወዲያው ማቀበል ነበረባት፤ እሷ ግን መስጠቱን ረስታ አገላብጣ ታየው ጀመር።

“ጀርባው አልተለበጠም” አለች፣ ለራሷ ያህል ቀስ ብላ።

“ጀርባውን ማን ያየዋል?” አሉ ለባጩ ቆጣ ብለው። “አምጪው ልጄ።”

“ይቅርታ አባባ።” ደንግጣ ዘረጋችላቸው፤ አንገቷንም ደፋች። ግን አላስቻላትም። “ሲቆረጥ ለጥ ያለ ነበር አይደል? የተጠቀለለው ገንዳው ውስጥ ነው። ደግሞ ወደ ተለበጠው ፊቱ ነው የተጠቀለለው።”

ለባጩ ጨርቁን መጠቅለላቸውን ገታ አደረጉ። “አንቺ በምን አወቅሽ?”

“የማጠናው እሱን ነው።”

“ምኑን?”

“ገጽን። የጠጣር ነገር ገጽ ለምን እንደሚወጠር፣ ሲወጠርም ምን እንደሚያደርግ።”

“ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተሄዶ ገጽ? ውስጡንስ ማን ያጥናላችሁ?”

“ውስጡን የሚያጠኑ ሌሎች አሉ” ብላ ከልቧ መለሰች። ቀልድ መሆኑ የገባት ቆይቶ ነው።

ለባጩ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ከዚያም ለማያውቁት ሰው ነገር የመንገር ልማድ የሌላቸው ሰው፣ ዝናቡ ይሁን ሐፍረቱ አናግሯቸው፣ የልባቸውን ተናገሩ። “ይህን ቅጠል ያጠፋው መወጠር አይደለም ልጄ። ወሬ ነው። ኒኬል ሲያርፍ ስስ ነው፣ ድንጉጥ ነው። የሰው ድምፅ ሲሰማ ይኮማተራል። ባለቤቴ ከግድግዳው ማዶ አንዲት ዘፈን ቢጤ አንጎራጎረች፤ ይኸው ውጤቱ።”

እዚህ ላይ አንባቢ በሽማግሌው እንዳይስቅ እንለምናለን። ሰው ያየውን ነገር ከሌላ ካየው ነገር ጋር አያይዞ ምክንያት ማበጀቱ የቂልነት ምልክት አይደለም፤ ትምህርትም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ልዩነቱ ያበጁትን ምክንያት መልሶ መፈተሽ ላይ ነው። ለባጩ ያበጁትን ምክንያት አልፈተሹትም። በመፈተሽ ፈንታ ቤት ሠሩበት፤ ትዳራቸውንም አኖሩበት።

የሥራ ክፍላቸው ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይለያል። ገንዳው በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ በዚያ ቤት ቃል አይነገርም፤ ገንዳው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል። ባለቤታቸው ቀድሞ ሳቃቸው ከእሳቸው በፊት በር የሚገባ ሴት ነበሩ። አሁን ማሰሮ እንኳ ሲያስቀምጡ ከሥሩ ጨርቅ ያነጥፋሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው ከበሩ አጠገብ አቆሙና፣ ወደ ሥራ ክፍሉ ብቅ ብለው፣ “ይህ የቅጠል ሥራ ሲያልቅ ልጃችን ዘንድ እሄዳለሁ። እዚያ ቢያንስ ሕፃናቱ ይንጫጫሉ” አሉ። ገንዳው እየሠራ ስለነበር ለባጩ መልስ አልሰጡም።

ስለዚህ በታዛው ሥር ልባቸውን ያከበደው ቅጠሉ ብቻ አልነበረም። ቅጠሎቹ ለአንድ አዲስ የንባብ አዳራሽ የጣሪያ መብራት የሚሆኑ ናቸው፤ አሠሪው የተጠቀለለውን አይቶ፣ “አባቴ፣ እኔ ያዘዝኩት ቅጠል እንጂ ቀንድ አውጣ አይደለም” ብሎ መልሷቸዋል። ለጥ ብለው ካልወጡ ሥራው የለም። ለጥ እንዲሉ ደግሞ ዝምታው መጥበቅ አለበት። ዝምታው ከጠበቀ ሻንጣው ይሄዳል።

ዝናቡ አባራ። “ነይ” አሉ ለባጩ በድንገት። “ገንዳዬን ላሳይሽ። አይተሽ ታምኛለሽ።”

የሥራ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ለባጩ እንደገቡ የገንዳውን ኮረንቲ ለቀቁ። በአንድ በኩል መወልወያው፣ በሌላው የሰም ድስቱ፣ በመካከል ገንዳው። በገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ነው፤ ፀሐይ የገባበት የጠርሙስ ስባሪ ዓይነት አረንጓዴ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ውሃውን ነክቶ ጣሪያው ላይ ይንቀሳቀሳል። በሽቦ የተንጠለጠሉ ቅጠሎች በዚያ ውስጥ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ይወዛወዛሉ። ተማሪዋ ከደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች፤ በትምህርት ቤት ስትስለውና ስታሰላው የኖረችው ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ሲያድር ያገኘችው መሰላት።

ባለቤታቸው ብቅ አሉ። እንግዳ ሲያዩ ደስ ብሏቸው በሁለት እጅ ጨበጧት፤ በምልክት ወንበር አሳዩዋት፣ በምልክት ሻይ ይጠጣል ወይ ብለው ጠየቁ። ተማሪዋ ወደ ለባጩ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ “እማማ መናገር አይችሉም እንዴ?” አለች በሹክሹክታ።

“እኔ?” አሉ ባለቤታቸው ጮክ ብለው፣ ከዚያም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ለባጩ ተንፍሰው ኮረንቲውን አጠፉ። “በቃ፣ ገንዳው ቆሟል። ተናገሩ።” ወደ ተማሪዋም ዞረው፣ “አንቺም ተናገሪ። ገጽ የምትይው ምንድን ነው? እኔ የማውቀው ገጽ የሚወለወል ነው” አሉ።

ተማሪዋ ዓይኗን ከገንዳው ላይ ሳታነሳ ጀመረች። “ነሐሱ ውስጥ ጠለቅ ብላ ያለች አንዲት አቶም ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም ጎረቤት አላት። ሁሉም ስለሚይዟት ተደላድላ ትኖራለች። ገጹ ላይ ያለችው ግን ከበላይዋ ጎረቤት የላትም። ባዶ ነው። ያጣችውን ለማካካስ አጠገቧ ያሉትን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። ሁሉም እንዲህ ሲያደርጉ ገጹ በሙሉ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። የገጽ ውጥረት የምንለው ይህን ነው።”

“ከተሳሳቡ ታዲያ ለምን አይሰበሰቡም?” አሉ ለባጩ።

“ከሥራቸው ያሉት አይለቋቸውም። ገጹ ልሰብሰብ ይላል፣ ሥሩ አልሰበሰብም ይላል። እንደዚያው ተያይዘው ይኖራሉ።”

“የኛን ቤት ነው የምትነግሪን” አሉ ባለቤታቸው።

ለባጩ የቅጠሎቹን ሽቦ ያስተካክሉ ጀመር።

“አንዳንዱ ገጽ ግን ያሸንፋል” አለች ተማሪዋ፤ ሐፍረቷ እየለቀቃት ነበር። “ወርቅን ብንወስድ፣ የላይኛው ረድፍ ከሥሩ ካለው ረድፍ የበዙ አቶሞችን አጨናንቆ ያስገባል። ትርፎቹ ልክ የሚቀመጡበት ስለማያገኙ ገጹ ከፍ ዝቅ እያለ ሞገድ ይሠራል። በቀጭን መርፌ እየዳሰሰ የሚያይ መሣሪያ አለን፤ በእሱ አይቼዋለሁ። እንደ ጥልፍ ነው እማማ። ወደዚህ ይታጠፋል፣ ወደዚያ ይታጠፋል፣ መልሶ ይታጠፋል። ማንም አልጠለፈውም፤ ውጥረቱ ራሱ ነው የጠለፈው።”

“ወርቅ ለጥ ያለ ነው እንጂ!” አሉ ለባጩ። “ስንቱን ወልውያለሁ።”

“ከሩቅ ስለምናየው ነው አባባ።”

ለባጩ የባለቤታቸውን ጣት አዩ። ቀለበቱ በአረንጓዴው ብርሃን ውስጥ ጸጥ ብሎ ያበራል። ይህን ቀለበት ራሳቸው ወልውለው ራሳቸው አጥልቀውላቸዋል፤ ሁልጊዜም ለጥ ያለ ነገር ይመስላቸው ነበር። አሁን በላዩ ላይ የማይታይ ሞገድ፣ ሲታጠፍና ሲመለስ፣ ማንም ሳያየው ሲኖር ታያቸው። ለጥቂት ጊዜ የት እንዳሉ ረሱ።

“ይሁን” አሉ ነቃ ብለው። “የኔ ኒኬል ምን አገባው?”

“ኒኬል ነሐሱ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ሽፋን አይደለም። እዚህም እዚያም ትንንሽ ደሴቶች ይሆናል። ደሴቶቹ ያድጋሉ፤ ዳርና ዳራቸው ሲቀራረብ ተሳስበው ይጋጠማሉ። ሲጋጠሙ ግን ትንሽ ተለጥጠው ነው፤ ያ መለጠጥ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ሌላም ነገር አለ። የኒኬል አቶሞች ከነሐስ ይልቅ ተጠጋግተው መቀመጥ ይወዳሉ። ነሐሱ ደግሞ ወንበሮቹን አራርቆ ደርድሯል። እንግዶቹ በተደረደረላቸው ወንበር ይቀመጣሉ፤ እጅ ለእጅ ስለተያያዙ ግን…”

“ይጎትታሉ” አሉ ባለቤታቸው።

“አዎ፣ ይጎትታሉ። አንድ ረድፍ ሲሆኑ ጉተቱ ትንሽ ነው። በላያቸው ሌላ ረድፍ፣ በዚያ ላይ ሌላ ሲጨመር ግን ይበረታል። ከሥር ያለው ወፍራም ከሆነ ይችለዋል፤ ያኔ ልባጡ ራሱ ይሰነጠቃል ወይም ይላጣል። ከሥር ያለው እንደዚህ ቅጠል ስስ ከሆነ አይችለውም። ይጎብጣል። ጀርባው ባዶ ስለሆነ በዚያ በኩል መልሶ የሚጎትት የለም።”

“ዓይን የማያየው ነገር ነሐስ አጎበጠ ትይኛለሽ?”

“ወሬስ በዓይን ይታያል እንዴ?” አሉ ባለቤታቸው። “እሱ ሲያጎብጥ ኖሯል እኮ።”

“አንቺ ቆይ!” ለባጩ ወደ ገንዳው ጠጋ አሉ፤ ጠርዙን በመዳፋቸው ዳሰሱት። “አባቴ በዚሁ ገንዳ ሠርቷል። ኒኬል እንዳይዘው ጀርባውን በሰም ሸፍኖ፣ ፊቱን አወፍሮ። ወፍራም ልባጥ ማለት የሠሪው ታማኝነት ነው። አንድም ሥራው ጎብጦ አያውቅም።”

“ምን ነበር የሚለብጡት?”

“የበር እጀታ። ማንኪያ። የአልጋ ራስጌ።”

ተማሪዋ የተጠቀለለውን ቅጠል አንስታ በሁለት ጣቷ ዘርጋ ጠቅለል አደረገችው። ለባጩ ይህን ሲያዩ ራሳቸው መልሱን አገኙት፤ ማግኘታቸውም አልጣማቸውም። የበር እጀታን ማን ያጎብጠዋል? ጉተቱ በአባታቸው ዘመንም ነበር። የሚያሸንፈው ገላ ግን አላገኘም።

“ዝም ማለቱንስ ያስተማሩዎት እሳቸው ናቸው?” አለች።

“አይ። እሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ።” ይህን ሲሉ በድምፃቸው ትንሽ ኩራት ነበር። “መጀመሪያ ስስ ነሐስ የለበጥኩ ቀን እሷ ገብታ ወሬ ጀመረች። ወጣ፣ ተጠቅልሎ። በነጋታው ዝም በይ አልኳት። ወጣ፣ ደህና ሆኖ።”

“ለጥ ብሎ?”

“ማለት… ትንሽ ጎበጥ ብሎ ነበር።”

“ዝም ብያለሁ እኮ ያን ቀን” አሉ ባለቤታቸው።

“ተንፍሰሽ ይሆናል” አሉ ለባጩ፤ ሲናገሩት ለራሳቸውም ትንሽ አፈሩ።

ተማሪዋ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች። ቀና ስትል፣ “እንፈትሸው” አለች። “ሁለት ቅጠሎች። ሁለቱም ጀርባቸው በሰም የተሸፈነ፣ ሁለቱም ለእኩል ጊዜ፣ በእኩል ኮረንቲ። አንዱን በዝምታ፣ አንዱን እማማ አጠገቡ ተቀምጠው እያወሩ። ወሬ የሚያጎብጥ ከሆነ ሁለተኛው ይብሳል።”

ለባጩ ወዲያው እሺ አላሉም። ፈርተው ነበር፤ የፈሩት ግን ቅጠሉ እንዳይበላሽ አልነበረም። ልጅቱ ከተሳሳተች ሻንጣው ይሄዳል። ልጅቱ ልክ ከሆነች ግን ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ በምልክት የተለመነ ጨው፣ ያ ሁሉ ከማሰሮ ሥር የተነጠፈ ጨርቅ በከንቱ ነበር ማለት ነው። ሰው ከስህተቱ የሚጣበቀው ብዙ ጊዜ ስህተቱን ወዶ አይደለም፤ የከፈለበትን አስቦ ነው። ለባጩም የከፈሉትን አሰቡ። ከዚያ የከፈሉት እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ አሰቡ። የመጀመሪያውን ቅጠል አንስተው ሽቦው ላይ ሰቀሉት።

ተማሪዋ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የሚደውል ሰዓት አንስታ ሞላች። የመጀመሪያው ቅጠል በዝምታ ተለበጠ። የገንዳው አረፋ እንኳ ይሰማ ነበር። ሰዓቱ ሲደውል አወጡት። ወደ ፊቱ ጎብጧል።

“አሁን እማማ።”

ባለቤታቸው ከገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። ኮረንቲው ተለቀቀ። እሳቸውም አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም።

“አውሪ እንጂ” አሉ ለባጩ።

“ምን ልበል?” ዓይናቸው ውሃ ሞላ። “ስንት ጊዜ ስመኘው ኖሬ አሁን ምን እንደሚወራ ጠፋኝ።”

ተማሪዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። በክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የጣሪያው ብርሃን ብቻ ነበር። ለባጩ በዚያ ብርሃን ባለቤታቸውን አዩዋቸው፤ ቀድሞ ሳቃቸው የማያልቅ ሴት ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ቃል ሲፈልጉ። ያኔ ባለቤታቸው ድንገት ቀና አሉ።

“አጎቴን እዚያው ትተነዋል!” አሉ።

“ማንን?”

“አጎቴን! ያን ቀን ዝም በይ ስትለኝ የጀመርኩት ወሬ የሱ ነበር። ለልጁ ሠርግ ረጅም ጠረጴዛ ገዝቶ፣ ዝናብ መትቶት፣ እንጨቱ አብጦ፣ እበሩ ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ ብዬህ። ግማሹ ከውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ። አጎቴ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ሲጎትት ነበር፤ ያ ቦርጩን ይዞ! በሥሩ ሹልክ እንዳይል ቦርጩ፣ በላዩ እንዳይወጣ ክብሩ። ሙሽራውና አጃቢዎቹ ከውጭ ቆመዋል። አንተ ዝም አሰኘኸኝ፤ ሰውየው እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል!”

ለባጩ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ አባ ዝምታ ሲስቁ ጎረቤት ቢሰማ ሌባ ገባ ብሎ ይሮጥ ነበር። ባለቤታቸው ሳቁን ሲያዩ ጉልበት አገኙ፤ ስለ ጠረጴዛው እግር፣ እየገፋ ስላባሰው ዘመድ፣ መጥረቢያ ይምጣ ስላለው አማች ያወሩ ጀመር። ልክ መጥረቢያው ሲመጣ ሰዓቱ ደወለ።

ተማሪዋ ሁለተኛውን ቅጠል አውጥታ አጥባ ከመጀመሪያው ላይ ደረበችው። አንዱ በአንዱ ውስጥ ልክክ አለ። ጉብጠታቸው አንድ ነው። ሳቅም፣ አጎትም፣ መጥረቢያም አንዲት ፀጉር ታህል አልጨመሩበትም።

ለባጩ ደጋግመው ለያይተው ደጋግመው ደረቡት። “ታዲያ ያኔ?” አሉ ቀስ ብለው። “ስታወራ የባሰ ይጎብጥ የነበረውስ? በዓይኔ ያየሁት ነው። አልዋሸሁም።”

“አልዋሹም አባባ” አለች ተማሪዋ። ምክንያቱን ግን አታውቀውም፤ አላውቀውም ለማለት አፏን ስትከፍት ባለቤታቸው ቀደሟት።

“ሳወራህ ቁራጩን ትዘነጋው ነበራ!” አሉ። “አፍህን ከፍተህ ታዳምጠኛለህ፣ ከገንዳው ማውጣቱን ትረሳዋለህ። ዝም ስል ግን ተንጠልጥለህ ትጠብቀዋለህ፤ በጊዜው ታወጣዋለህ። ሰዓት የምትሞላበት ልማድ መቼ ነበረህና!”

ተማሪዋ በደስታ አጨበጨበች። “ብዙ ሲቆይ ይወፍራል፤ ሲወፍር ጉተቱ ይጨምራል። ወሬው አይደለም። በወሬው ሰበብ የቆየው ጊዜ ነው።”

ለባጩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እዚያ ተቀምጠው ያሰቡትን ሁሉ መዘርዘር አያሻም። ያጠፋው የባለቤታቸው ድምፅ ሳይሆን የራሳቸው ጆሮ ነበር፤ ያን ድምፅ እጅግ አብዝቶ የሚወድ ጆሮ። ይህንን ከማንም ሳይሰሙ ራሳቸው ደረሱበት።

“ሰሙን አንሺልኝ” አሉ በመጨረሻ፤ ያሉት ለባለቤታቸው ነው። “ጀርባውን እንልበጠው።”

ሦስተኛው ቅጠል ያለ ሰም ገባ። ኮረንቲው እያሟሟ የሚያለብሰው የኒኬል ቁራጭ ከፊቱም ከጀርባውም ትይዩ ተሰቀለለት፤ ሰዓቱም ከበፊቱ አጠር ተደርጎ ተሞላ። “ሁለቱም ወገን እኩል ይጎትታል” አለች ተማሪዋ፣ “እኩል ከጎተቱት ደግሞ ወዴት ይጎብጣል? ሳሳ ማለቱም ይጠቅመዋል። ፋብሪካዎቹ በዚህ ላይ ሳካሪን የሚባል ዱቄት ይጨምራሉ። ጉተቱን ያላላዋል።”

“ሳካሪን?” አሉ ባለቤታቸው። “በስኳር ፈንታ ለሻዬ የምጨምረው?”

“እሱው ነው እማማ።”

“እየው! ብረቱም ስኳር አለበት ለካ። እንዳላወራው ሲከለክለኝ የኖረው የበሽታ ጓደኛዬን ነው ማለት ነው።”

ለባጩ ግን እያዳመጡ አልነበረም። ወደ ገንዳው ጎንበስ ብለው አረንጓዴውን ውሃ ያያሉ። በዚያ ውስጥ፣ ከዓይን በታች፣ ትንንሽ ደሴቶች ሲወለዱ፣ ሲያድጉ፣ ዳር ለዳር ሲጠጋጉ ይታያቸው ነበር። በዚህ ፊት ሲጋጠሙ በዚያም ፊት ይጋጠማሉ። ስስ ነሐስ በመካከል ቆሞ ወደዚህም ወደዚያም አይልም። ዕድሜ ልካቸውን ገጹን ሲያበሩ ኖረው፣ ገጽ ኑሮ እንዳለው ያወቁት ገና ዛሬ ነው።

“ከዚያስ?” አሉ ቀና ሳይሉ።

ባለቤታቸው ዘወር አሉ። “ከዚያስ ምን?”

“አጎትሽ። መጥረቢያው መጣ አልሽ። ከዚያስ?”

ባለቤታቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት በበሩ በኩል የቆመውን ሻንጣ አዩ። “ታሪኩ ረጅም ነው” አሉ።

“ቅጠሎቹም ብዙ ናቸው” አሉ ለባጩ።

ባለቤታቸው ወንበራቸውን ወደ ገንዳው አስጠጉ። “አጎቴ መጥረቢያውን አልፈቀደም። ‘አዲስ ጠረጴዛ በሠርግ ቀን አይፈለጥም’ አለ። ታዲያ ምን ይደረግ? ጨርቅ ተዘረጋበት። ምግቡ መጣ። ያሉት ከውስጥ፣ የመጡት ከውጭ፣ በሁለቱም በኩል ተቀምጠው በሉ። ሙሽሪት ከውስጥ፣ ሙሽራው ከውጭ፤ ዳቦ እየተቀባበሉ። በኋላ ፀሐይ ወጣች፣ እንጨቱ ደረቀ፣ ጠረጴዛው በገዛ ራሱ ተንሸራቶ ገባ። ሰው ሁሉ ግን ቅር አለው። ያን የመሰለ ግብዣ አይተው አያውቁማ።”

ሰዓቱ ደወለ። ቅጠሉ ወጣ። ተማሪዋ ከመስተዋት ቁራጭ ላይ አስተኛችው፤ ከሥሩ ብርሃን አላሳለፈም። ለጥ ብሏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት የተለወጠውን ለሚመለከተው ሁሉ መናገር ደግ ነው። አንደኛ ነገር፣ ስስ ነገር ሲለበጥ ጀርባው አይናቅም፤ ለጀርባው የሚወጣው ኒኬል ጎብጦ ከሚጣለው ሥራ ያንሳል። ልባጡም አይወፍርም፤ ማወፈር ታማኝነት የሚመስላቸው ለባጮች ለደንበኛቸው የሚሸጡለት ነገ የሚላጥ ገጽ ነው። ሰዓት ይሞላል፣ ዱቄቱም በልኩ ይጨመራል። የሚጣል ነገር በመጥፋቱ ለባጩ ቀድሞ ከሚሠሩት ይበልጥ እየሠሩ ቀድሞ ከሚደክሙት ያነሰ ይደክማሉ። ተማሪዋም አልተጎዳችም፤ ደሴቶቿን በስሌት ብቻ የምታውቅ ልጅ፣ በሳምንት አንድ ቀን መጥታ ገንዳው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ዓይነ አፋርነቷ በእማማ ወሬ እየታጠበ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። አንድ ጥፋት በደረሰ ጊዜ በአጠገብ የተገኘውን ሰው ከመክሰሳችን በፊት ሁለት ቅጠል ሰቅለን ብንፈትሽ፣ ብዙ ቤት ካልፈለገው ዝምታ ይድን ነበር።

የቅጠሎቹ ሥራ አለቀ። ባለቤታቸው እንዳሉትም ሥራው ሲያልቅ ሻንጣው ከቤት ወጣ። ቅጠሎቹ እንዳይፋጩ በውስጡ በቀሚሶቻቸው መካከል ተደርድረው፣ ለባጩ ራሳቸው ተሸክመውት ወደ ንባብ አዳራሹ ሄዱ።

መብራቱ ከጣሪያው ተሰቀለ። ቅጠሎቹ በከፍታ ላይ አንድ በአንድ አበሩ፤ አንዱም አልጎበጠም፤ ከሥራቸው የሚያነበው ሰው ገጽ ሁሉ ለስላሳ ብርሃን ለበሰ። ባለቤታቸው አንገታቸውን አንጋጠው፣ “አቤት! ዛፍ ሥር የቆምን አይመስልም?” አሉ ጮክ ብለው።

የአዳራሹ ጠባቂ ጣቱን ከከንፈሩ ላይ አድርጎ ሮጦ መጣ። “እማማ፣ ዝም ይበሉ እንጂ!”

“ተዋት ልጄ” አሉ አባ ዝምታ፣ ዓይናቸውን ከቅጠሎቹ ላይ ሳያነሱ። “ምንም አይሆኑም።”